ጉበትና ናይትሮጅን፦ የበላነው ፕሮቲን ወዴት ይሄዳል?



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ በብዙዎቻችን ቤት ያለፈ ነው። ጉበቱ የታመመ ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ሲገባ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ መጀመሪያ የሚወስነው ስለ ምግቡ ነው። ሥጋ ይከለከላል፤ እንቁላል ይከለከላል፤ ወተትም «ይከብደዋል» ይባላል። በሽተኛው በአጥሚት፣ በማርና በለስላሳ ይከርማል። ወራት ሲያልፉ ጭኑ ይሟሽሻል፣ የትከሻው አጥንት ይወጣል፣ ሆዱ ብቻ ውሃ ቋጥሮ ይነፋል። ቤተሰቡ ይህን የሚያደርገው ለሰውየው ካለው ፍቅር ነው። የሕክምናው ሙያም ቢሆን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ይህንኑ ሲያዝዝ ኖሯል። እኔ ግን ዛሬ ፊታችሁ የቆምኩት ክልከላው በሽተኛውን እንደሚጎዳው ልነግራችሁና ምክንያቱንም ላስረዳችሁ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ናይትሮጅን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከሳህኑ ተነስተን እስከ ሽንት ድረስ መከተል አለብን።

የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

ሁዳዴን ጾሞ በፋሲካ ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ ግማሽ ኪሎ ቀይ ሥጋ የበላ ጤነኛ ሰው እናስብ። ጮማው ከተለየ ይህ ሥጋ 100 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ከፕሮቲን ክብደት ውስጥ 16 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ዴንማርካዊው ኬሚስት ዮሃን ኬልዳል በ1883 ኮፐንሃገን ውስጥ በካርልስበርግ ላቦራቶሪ ናይትሮጅንን መለኪያ ዘዴ ካወጣ ጀምሮ፣ የምግብ መርማሪዎች ናይትሮጅኑን እየለኩ በ6.25 እያባዙ የፕሮቲኑን መጠን ያሰላሉ። በዚህ ስሌት የፋሲካው ሰው በአንድ ቀን 16 ግራም ናይትሮጅን ወደ ሰውነቱ አስገብቷል ማለት ነው። ሰውየው ዕድገቱን የጨረሰ፣ ከበሽታም በማገገም ላይ ያልሆነ ከሆነ፣ ይህን ያህል ናይትሮጅን ውሎ አድሮ ከሰውነቱ መውጣት አለበት። ካልወጣ ይመርዘዋል።

ሥጋው ሆድ ሲገባ የጨጓራ አሲድና ፔፕሲን ይቀበሉታል፤ ቀጥሎ የጣፊያ ጎረቤት ከሆነው ቆሽት የሚመነጩት ኢንዛይሞች ያደቅቁታል። በመጨረሻ 20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ይሆንና በትንሹ አንጀት ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። ከአንጀት የሚነሳው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም፤ በአንድ ሰፊ የደም ሥር በኩል መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ያልፋል። ይህን አትርሱብኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ሽሮ የበላ ሰውም መንገዱ ይኸው ነው። አሚኖ አሲዱ ከበሬ ይምጣ ከሽምብራ፣ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ልዩነት የለውም።

ስኳር ሲተርፈን ጉበታችንና ጡንቻችን ግላይኮጅን አድርገው ያስቀምጡታል። ስብ ሲተርፈን የት እንደሚቀመጥ ሁላችንም እናውቃለን። ለአሚኖ አሲድ ግን ሰውነታችን ማስቀመጫ የለውም። የተረፈው አሚኖ አሲድ ይፈርሳል፤ ናይትሮጅኑ ተለይቶ ይወጣል፤ የቀረው የካርቦን አካል እንደ ዓይነቱ ስኳር ወይም ስብ ይሆናል፣ አለዚያም ለጉልበት ይነድዳል። ጡንቻ ማስቀመጫ አይደለም ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። ጡንቻ የምንራመድበት፣ የምንተነፍስበት አካል ነው። ከእርሱ የተወሰደ ፕሮቲን ሁሉ ከሥራ ላይ የተወሰደ ነው።

እዚህ ላይ ሩዶልፍ ሾንሃይመር የሚባለውን ሰው ሳላነሳ አላልፍም። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በ1933 ከጀርመን ተሰዶ ኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያ ዘመን ብዙዎች የሚያምኑት ያደገ ሰው የሰውነት ፕሮቲን ባለበት የሚቆም፣ ምግብ ደግሞ በአብዛኛው ለጉልበት የሚቃጠል ነው ብለው ነበር። ሾንሃይመርና ባልደረቦቹ ከተለመደው ናይትሮጅን ጥቂት የሚከብድ፣ በመሣሪያ ተለይቶ የሚታወቅ ናይትሮጅን ያለበት አሚኖ አሲድ ሠርተው ክብደታቸው ለማይጨምር ያደጉ አይጦች አበሉ። ምልክቱ ያለበት ናይትሮጅን በሽንት ይወጣል ብለው ሲጠብቁ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአይጦቹ አካል ፕሮቲን ውስጥ ተገኘ። ሰውነታችን ያለማቋረጥ እየፈረሰ ያለማቋረጥ ይገነባል ማለት ነው። የጎልማሳ ሰው አካል በቀን ከ250 እስከ 300 ግራም ፕሮቲን አፍርሶ ያንኑ ያህል ይሠራል። ከምግብ ከሚገባው ይህ በብዙ ይበልጣል። ሾንሃይመር ሥራውን ሳይጨርስ በ1941 ሞተ፤ ትምህርቶቹ በቀጣዩ ዓመት ታትመው ወጡ። ስለ ሰውነታችን ያለንን ግንዛቤ እንደዚህ የለወጠ ሥራ ጥቂት ይመስለኛል።

ሰውነት ለግንባታ የሚፈልጋቸው አሚኖ አሲዶች 20 ቢሆኑም 9ኙን ራሱ መሥራት አይችልም፤ ከምግብ ማግኘት አለበት። ከ9ኙ አንዱ ብቻ እንኳ ቢጎድል ሌሎቹ ለግንባታ ሊውሉ አይችሉም። ስለዚህ ይፈርሳሉ፤ ናይትሮጅናቸውም ትርፍ ይሆናል። ጥራጥሬ ላይሲን በብዛት ሲኖረው ሜታዮኒን ያንሰዋል፤ እህል ደግሞ በተቃራኒው ነው። በእንጀራና በሽሮ፣ በእንጀራና በምስር ወጥ ጾሙን የሚያሳልፍ ሰው በአንድ ማዕድ ሁለቱንም ያሟላል። በሌላ አነጋገር የምግቡ ስብጥር ጥሩ ከሆነ ጉበት የሚያስወግደው ትርፍ ናይትሮጅን ይቀንሳል። ለጉበት በሽተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ማፍረሱ ሥራ እንግባ። የጉበት ምርመራ ያደረጋችሁ ሁሉ የላቦራቶሪ ወረቀታችሁ ላይ «ኤስ ጂ ፒ ቲ» እና «ኤስ ጂ ኦ ቲ» የሚሉ ሁለት መስመሮች አይታችኋል። ሐኪሙ «ከፍ ብሏል» ወይም «ደህና ነው» ብሎ ያልፋቸዋል። እነዚህ የሁለት ኢንዛይሞች ስሞች ናቸው፤ ሥራቸውም ከአንድ አሚኖ አሲድ ላይ ናይትሮጅን የያዘውን ክፍል አንስተው ለሌላ ሞለኪውል ማስረከብ ነው። ይህን የማስረከብ ሂደት በ1937 ሞስኮ ውስጥ ያገኙት አሌክሳንደር ብራውንስታይንና ማሪያ ክሪትስማን ናቸው። ያለ ቫይታሚን ቢ6 ሥራው አይካሄድም። የኢንዛይሞቹ ቦታ ሕዋሱ ውስጥ ነው፤ ሕዋሱ ሲጎዳ ግን ወደ ደም ይፈስሳሉ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሐኪሞች ደም ውስጥ እየለኳቸው የጉበትን፣ ቀድሞ ደግሞ የልብንም፣ ጉዳት የሚያውቁት በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ርክክብ ከልዩ ልዩ አሚኖ አሲዶች የተነሳው ናይትሮጅን በብዛት ግሉታሜት በሚባል አንድ አሚኖ አሲድ ላይ ይሰበሰባል። ጡንቻ የራሱን ትርፍ ናይትሮጅን በአላኒንና በግሉታሚን መልክ በደም አድርጎ ይልካል። ጉበት ሲደርስ ናይትሮጅኑ ከተሸካሚው ይላቀቃል። ያን ጊዜ የሚወጣው አሞኒያ ነው።

አሞኒያን ታውቁታላችሁ። ያልጸዳ ጋጣ ወይም የሕዝብ ሽንት ቤት ስትገቡ ዓይናችሁን የሚያቃጥለው እርሱ ነው። በጤነኛ ጎልማሳ ደም ውስጥ ያለው አሞኒያ በሊትር ከ50 ማይክሮሞል አይበልጥም፤ ያ በጣም ጥቂት ነው። በጥቂት እጥፍ ሲጨምር ሰው መቃዠት፣ ከዚያም ራሱን መሳት ይጀምራል። ጉዳቱ የሚብሰው አንጎል ላይ ነው። የአንጎል ነርቮችን የሚደግፉት ሕዋሳት አሞኒያውን ከግሉታሜት ጋር አጣምረው ግሉታሚን ያደርጉታል፤ ግሉታሚኑ ሲጠራቀም ውሃ ይስብና ሕዋሳቱ ያብጣሉ።

ፍጡራን ሁሉ ይህ ችግር አለባቸው፤ መፍትሔያቸው ግን እንደ ኑሯቸው ይለያያል። ዓሣ አሞኒያውን በስንጥቡ በኩል ወደ ውሃ ይለቀዋል፤ ውሃው ሰፊ ስለሆነ ወዲያው ይሟሟል። ወፍ ውሃ ተሸክሞ መብረር ስለማያዋጣው ናይትሮጅኑን ዩሪክ አሲድ አድርጎ ያወጣል፤ በዶሮ ኩስ ላይ የምናየው ነጩ ነገር እርሱ ነው። እኛ፣ ከብቶቻችንና ሌሎች አጥቢዎች ዩሪያ እንሠራለን። በእኛው ስምጥ ሸለቆ፣ ኬንያ ውስጥ፣ ማጋዲ የሚባል ሐይቅ አለ፤ ውሃው እንደ ሶዳ የሚያቃጥል ስለሆነ አሞኒያ ከዓሣው አካል ወደ ውሃው በቀላሉ አይወጣም። በ1989 የታተመ ጥናት እንዳሳየው እዚያ የሚኖረው ትንሽ ቲላፒያ ዓሣ ሆኖ ሳለ ናይትሮጅኑን ሁሉ እንደ እኛ በዩሪያ መልክ ያስወግዳል። ግመል ደግሞ ሌላ ጥበብ አላት። መኖ ሲጠፋ ኩላሊቷ ዩሪያውን ከመጣል ይቆጠባል፤ ዩሪያው በደም ተመልሶ ወደ ሆድዋ ይገባል፤ እዚያ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ከዚያው ናይትሮጅን እንደገና ፕሮቲን ይሠሩላታል። አፋርና ቦረና ውስጥ በድርቅ ዘመን ከብት ሲያልቅ ግመል የምትተርፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ዩሪያ የሚለውን ቃል ገበሬዎቻችን ከማንም በላይ ያውቁታል። ማሳቸው ላይ የሚበትኑት ነጭ ፍሬ፣ በጆንያው ላይ 46 በመቶ ናይትሮጅን ተብሎ የተጻፈበት፣ ጉበታችን ከሚሠራው ዩሪያ ጋር በኬሚስትሪ ቅንጣት ልዩነት የለውም። ፋብሪካው አሞኒያንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት አዋህዶ ያመርተዋል። ጉበትም የሚነሳው ከእነዚሁ ከሁለቱ ነው፤ ግን በ37 ዲግሪ ሙቀት፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ እኛ እያወራንና እየተኛን ይሠራዋል። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቮለር በ1828 ዩሪያን ከሕያው አካል ውጪ፣ በላቦራቶሪ ዕቃ ውስጥ ሲሠራ ዓለም ተደንቋል። ጉበት እንዴት እንደሚሠራው ለማወቅ ግን ከዚያ በኋላ ከ100 ዓመት በላይ ወስዷል።

ያወቁት ሐንስ ክሬብስ የሚባል ወጣት ሐኪምና ኩርት ሄንሰላይት የሚባል የሕክምና ተማሪ ናቸው፤ ቦታው የጀርመኗ ፍራይቡርግ፣ ዓመቱ 1932 ነው። ክሬብስ በርሊን ውስጥ ከኦቶ ዋርቡርግ የተማረውን ዘዴ ይዞ ነበር፤ ሕያው ሥጋን እንደ ወረቀት አሳስቶ ቆርጦ ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ በሕይወት ማቆየት ማለት ነው። የአይጥ ጉበት ቀጫጭን ቁራጮች አሞኒያ ሲጨመርባቸው ዩሪያ ያወጣሉ። ሁለቱ ሰዎች አንድ በአንድ ሌላ ነገር እየጨመሩ የዩሪያው መጠን ይለወጥ እንደሆን ይለኩ ነበር። አንድ ቀን ኦርኒቲን የሚባል አሚኖ አሲድ ከአሞኒያ ጋር ጨመሩ። ዩሪያው እጅግ አሻቀበ። ከዚህ የሚበልጠው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው፤ ኦርኒቲኑን ሲለኩት አላለቀም፣ እንዳለ አለ። የሚያልቅ ጥሬ ዕቃ ቢሆን ኖሮ መቀነስ ነበረበት።

ክሬብስ ከዚህ የደረሰበት ድምዳሜ ዛሬም በየሕክምና ትምህርት ቤቱ ይነገራል። ኦርኒቲን ጭነት አድርሳ ባዶዋን እንደምትመለስ አህያ ነው። መጀመሪያ አንድ ናይትሮጅን ከአሞኒያ ይጫንበትና ሲትሩሊን ይሆናል። ሁለተኛው ናይትሮጅን አስፓርቴት ከሚባል አሚኖ አሲድ ይመጣና በሁለት እርምጃ አርጂኒን ይሆናል። አርጂኔዝ የሚባለው ኢንዛይም አርጂኒኑን ሲከፍለው ዩሪያው ይራገፋል፤ ኦርኒቲኑም ለሚቀጥለው ጭነት ወደ መጀመሪያው ቦታ ይመለሳል። ሥራው በነጻ የሚካሄድ አይደለም፤ ለእያንዳንዷ የዩሪያ ሞለኪውል አራት ኃይል ያዘሉ የፎስፌት ትስስሮች ይከፈሉባታል። ሰውነት ይህን ያህል ወጪ የሚያወጣው አማራጭ ስለሌለው ነው። ዩሪያ በደማችን ውስጥ ከአሞኒያ መቶ እጥፍ ገደማ ሆኖ ይዘዋወራል፤ ቢሆንም አይጎዳንም። ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያወጣዋል። የፋሲካው ሰው 16 ግራም ናይትሮጅን ሁሉም ዩሪያ ቢሆን 34 ግራም ያህል ይመጣል።

በሚያዝያ 1933 ክሬብስ ከአይሁድ ወገን በመሆኑ ከሥራው ተባረረና ወደ እንግሊዝ ተሰደደ፤ ካምብሪጅ ተቀበለችው። በ1953 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚያ አገር ባካሄደው ሌላ ምርምር ነው።

ዩሪያ የሚሠራው መንገድ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው በጉበት ብቻ ነው። በመንገዱ ላይ ካሉት ኢንዛይሞች አንዱ በተፈጥሮ የጎደለበት ሕፃን ሲወለድ ደህና ይመስላል፤ ማህፀን ውስጥ ሳለ የእናቱ ጉበት ሲሠራለት ቆይቷልና። አንድ ሁለት ቀን ጠብቶ ግን ይፈዝዛል፣ ጡት ይተዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ይንቀጠቀጣል። የደም መመረዝ ነው ተብሎ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሊጀመርለት ይችላል፤ አሞኒያው ካልተለካ ትክክለኛው በሽታ አይታወቅም። በ1999 ፊላደልፊያ ውስጥ ጄሲ ጌልሲንገር የተባለ የ18 ዓመት ወጣት ለዚህ በሽታ በተደረገ የጂን ሕክምና ሙከራ ሕይወቱ አለፈ፤ ዘርፉም ለዓመታት ተደናቀፈ። በዚያችው ከተማ በ2025 አንድ ሕፃን፣ ለእርሱ ብቻ በተዘጋጀ የጂን ማረሚያ መድኃኒት የጉበቱ ስህተት ተስተካክሎለት ወደ ቤቱ ሄደ።

አሁን ወደ ተነሳንበት እንመለስ። ሥጋ ለጉበት በሽተኛ መርዝ ነው የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ ሴንት ፒተርስበርግ ነው፤ ዓመቱ 1893። ኢቫን ፓቭሎቭ፣ ማርሴሊ ኔንትስኪና ባልደረቦቻቸው በውሾች ላይ ከአንጀት ወደ ጉበት የሚሄደውን ያን ሰፊ የደም ሥር ጠልፈው ጉበትን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ልብ ከሚሄደው ጋር አገናኙት። ቀደም ብዬ አትርሱብኝ ያልኳችሁ መንገድ ይህ ነው። ውሾቹ ወተትና ዳቦ ሲበሉ ይሻላቸዋል፤ ሥጋ ሲሰጣቸው ግን ይንገዳገዳሉ፣ የሚያዩ አይመስሉም፣ ይንፈራገጣሉ፣ አንዳንዶቹ ይሞታሉ። ደማቸው ውስጥ አሞኒያው ከፍ ብሎ ተገኘ። ጉበቱ ጠባሳ የሆነበት ሰው ውስጥም ይኸው ይደርሳል። ደሙ በጠባሳው ማለፍ ሲያቅተው በጎን ሌላ መንገድ ያበጃል፤ ያልተጣራ የአንጀት ደም ወደ አንጎል ይደርሳል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቦስተንና ለንደን ያሉ ሐኪሞች ይህን በበሽተኞች ላይ አረጋገጡ፤ የፕሮቲን ክልከላም መደበኛ ትእዛዝ ሆነ።

ምልከታቸው ትክክል ነበር። የጎደለው የጡንቻን ድርሻ ማየት ነው። ጡንቻ ዩሪያ አይሠራም፤ አሞኒያን ግን ከደም ወስዶ ከግሉታሜት ጋር አጣምሮ ግሉታሚን ማድረግ ይችላል። ጉበት ሲደክም ይህ የጡንቻ ሥራ ዋጋው ይጨምራል። በሽተኛው ፕሮቲን ሲከለከል ሰውነቱ ፕሮቲን መፈለጉን አይተውም፤ የራሱን ጡንቻ አፍርሶ ይወስዳል። ከፈረሰው ጡንቻ የሚወጣውም ናይትሮጅን ነው፤ ከሥጋ ከሚመጣው አይለይም። እንግዲህ በሽተኛው በአንድ ጊዜ ሁለት ጉዳት ደረሰበት ማለት ነው፦ ናይትሮጅኑ አልቀረለትም፣ የሚቀበለው ጡንቻ ደግሞ ተመናመነበት። በ2004 የታተመ የባርሴሎና ሐኪሞች ጥናት በአሞኒያ ምክንያት ንቃተ ሕሊናቸው የተዛባ የጉበት በሽተኞችን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ፕሮቲን በመቀነስ፣ ግማሹን መደበኛ ፕሮቲን በመስጠት ተከታተለ። የአንጎላቸው መሻሻል ልዩነት አልነበረውም፤ የተከለከሉት ግን የሰውነታቸው ፕሮቲን ይበልጥ ፈረሰ። ዛሬ የአውሮፓ የጉበትና የሥነ ምግብ ሐኪሞች ማኅበራት የሚመክሩት ለጉበት ጠባሳ በሽተኛ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ነው። ከጤነኛ ሰው የሚበልጥ ነው እንጂ የሚያንስ አይደለም።

ታዲያ አሞኒያውን የሚያንረው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የሆድ ድርቀት ነው፤ ኢንፌክሽን ነው፤ የሰውነት ውሃ መቀነስ ነው፤ ወይም ውስጥ ለውስጥ መድማት ነው። ስለ መድማቱ ትንሽ ልቆይ፤ በአገራችን ቢልሃርዝያና ሄፓታይተስ ቢ ጉበትን ስለሚያጠቁ የጉሮሮ ቧንቧ ደም ሥር ፈንድቶ ደም የሚያስመልሰው ሰው በየሆስፒታሉ አለ። አንድ መቶ ሚሊ ሊትር ደም አንጀት ውስጥ ከፈሰሰ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን እንደመብላት ነው። ያውም መጥፎ ፕሮቲን ነው፤ የሰው ሄሞግሎቢን አይሶሎይሲን የሚባለው አስፈላጊ አሚኖ አሲድ የለውም። ቅድም እንዳልኩት አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ይፈርሳሉ። ደሙ እንደ ምግብ ይፈጫል፤ ለግንባታ ስለማይበቃ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ይሆናል። ጥቁር ሰገራ ያየ የጉበት በሽተኛ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ አለበት የምንለው ለዚህ ጭምር ነው።

ድርቀትስ ለምን? ከምንሠራው ዩሪያ አንድ አምስተኛ ያህሉ ወደ አንጀት ይገባል፤ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ዩሪኤዝ በሚባል ኢንዛይም መልሰው አሞኒያ ያደርጉታል። ጄምስ ሰምነር በ1926 ከባቄላ መሰል ፍሬ አውጥቶ በክሪስታል መልክ ያገኘው፣ ኢንዛይሞች ፕሮቲን መሆናቸውን ያሳየበት ኢንዛይም ይህ ነው። ለብዙዎቻችሁ ስሙ የማይጠፋው የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ኤች ፓይሎሪ፣ በጨጓራ አሲድ ውስጥ የሚተርፈውም በዚሁ ኢንዛይም በዙሪያው አሞኒያ እየሠራ ነው። ሰገራ አንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር የሚመጠጠው አሞኒያ ይበዛል። ላክቱሎስ የተባለው ጣፋጭ ሽሮፕ፣ በ1966 ስዊዘርላንድ ውስጥ ለዚህ በሽታ የዋለው፣ የሚሠራው እዚህ ቦታ ነው። አንጀት ውስጥ ወደ አሲድ ይለወጣል፤ አሲዱ አሞኒያውን ወደ ደም ማለፍ በማይችል መልክ ይይዘዋል፤ ሽሮፑ ራሱም ሆድ ያላላል። መጠኑ የሚስተካከለው በሽተኛው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለስላሳ ሰገራ እንዲኖረው ሆኖ ነው። ብዙዎች «ሆዴን አስቀመጠኝ» ብለው ያቆሙታል። እባካችሁ አታቁሙ፤ ከበዛባችሁ ሐኪሙ ይቀንሰው።

ቤተሰብ ምልክቱን ከሐኪም ቀድሞ ያያል። ሌሊት የማይተኛ፣ ቀን የሚያንቀላፋ፤ የዋህ የነበረ ሰው የሚቆጣ፤ ፊርማው የሚበላሽ፤ የገዛ ቤቱን በር የሚስት። እጁን ፊት ለፊት ዘርግቶ መዳፉን ወደ ላይ እንዲቀለብስ ጠይቁት፤ መዳፉ እንደ ወፍ ክንፍ ዝቅ ከፍ ካለ ምልክቱ እርሱ ነው። መንፈስ ነካው ተብሎ ጠበል የሚወሰድ አለ። ጠበሉን አትከልክሉት፤ ላክቱሎሱንና ሐኪሙን ግን አታስቀሩበት።

ስለ መጠኑ ብዙዎቻችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። 60 ኪሎ የሚመዝን በሽተኛ በቀን ከ72 እስከ 90 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል፣ 100 ግራም ቀይ ሥጋ 20 ግራም ያህል፣ 50 ግራም የሽሮ ዱቄት ደግሞ 10 ግራም ገደማ አለው። ከጥራጥሬና ከወተት የሚገኘውን ብዙ በሽተኞች ከሥጋው ይልቅ ይቋቋሙታል፤ የጥራጥሬው አሰር ደግሞ ድርቀትን ይከላከላል። ስለዚህ ሽሮ፣ ክክና ምስር ለጉበት በሽተኛ ዋና ምግብ ሊሆኑ ይገባል። ሥጋም ቢሆን በጥቂት በጥቂቱ ይብላ፤ የሚከለከልበት ምክንያት የለም። ጨው ግን ይቀነስለት፤ ሆዱ ውሃ ከቋጠረ ጨው ያባብሰዋል።

የመጨረሻው ጉዳይ ጊዜው ነው። የጤነኛ ሰው ጉበት ሌሊቱን የሚያሻግር ስኳር ያስቀምጣል። ጠባሳ የሆነ ጉበት ግን ማስቀመጫው ጠብቧል፤ አንድ ሌሊት ሳይበላ ያደረ በሽተኛ አካሉ ሁለት ሦስት ቀን እንደጾመ ጤነኛ ሰው ይሆናል፤ ከንጋቱ በፊት ጡንቻውን ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራል። ስለዚህ ከመኝታ በፊት አንድ ነገር ይቅመስ፤ ቂጣ በወተት ይሁን፣ እንጀራ በሽሮ ይሁን፤ ጠዋትም ቁርሱ አይዘግይ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ክርስቲያን፣ ረመዳንን የሚጾም ሙስሊም የጉበት ጠባሳ ካለበት ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ፣ የንስሐ አባቱን ወይም ሼኹን ያማክር። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕመምተኛ የሚሰጡት ፈቃድ አለ፤ በሽተኛው ራሱ ሊጠይቅ ቢከብደው ቤተሰቡ ይጠይቅለት።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።